የመሳፍንት ቤት ዕቃ ሙዚየም ሲሆን ፊርማው የማን ነው? (የጉዳይ ጥናት)

ነገሩ ወዲህ ነው። ለገጣፎ፣ እኛ ሰፈር፣ አያታቸው ደጃዝማች የነበሩ ቤተሰብ አሉ። ከአያትየው የተረፈ ዕቃ አላቸው፦ በብር የተለበጡ ሁለት ጋሻዎች፣ ጎራዴ፣ በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ ካባ፣ የብራና መጻሕፍት፣ ማኅተም ያረፈባቸው ደብዳቤዎች፣ አንድ ሻንጣ ሙሉ ፎቶ፣ እና በሸራ ላይ የተሣለ ትልቅ የዓድዋ ሥዕል። ወራሾቹ ሦስት ናቸው። ታላቋን እትዬ ነው የምላቸው፤ ዕቃው ያለበት ቤት ውስጥ የሚኖሩት እሳቸው ናቸው። አንዱ ወንድም ሐዋሳ ነው፣ ትንሹ ደግሞ አሜሪካ። ትንሹ ለዕረፍት መጥቶ "ለምን ግቢው ውስጥ ሙዚየም አናደርገውም?" አለና ሁሉም በሐሳቡ ደስ አላቸው። እኔ የማኅበራትና የድርጅቶች መተዳደሪያ ደንብ ማርቀቅ እንጀራዬ ስለሆነ ደንቡን የመጻፍ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ።

ደንብ ከመጻፌ በፊት ይህን መንገድ እስከ ጫፉ የሄደ የመሳፍንት ቤት ፈለግሁ። ጦርነቱንም፣ ስደቱንም፣ ውርሱንም፣ ሽያጩንም ያየ። ፖላንድ ውስጥ አገኘሁ፤ ቻርቶሪስኪ ይባላሉ። ጉዳያቸውን ከሥሩ ላውጋችሁና መሐል መሐሉን ወደ ለገጣፎ ብቅ እላለሁ።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ሙዚየም ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሕንፃው ነው። የመስታወት ሣጥን፣ መብራት፣ በር ላይ ቲኬት ቆራጭ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ዕቃውን ለመሸጥ፣ ለማዋስ፣ ከቦታው ለማንቀሳቀስ የማን ፊርማ ያስፈልጋል? ይህ ያልተመለሰበት ቤት፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ዕቃ የተደረደረበት ሳሎን ነው።

አገር ሲጠፋ ዕቃ መሰብሰብ

ፖላንድን ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ በ1772፣ በ1793 እና በ1795 ቆራርሰው ተካፈሏት። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።) በሦስተኛው ላይ አገሪቱ ከካርታ ወጣች። ቻርቶሪስኪዎች ከፖላንድ ታላላቅ መሳፍንት ነበሩ። ፑዋቪ የሚባል ቦታ ላይ የነበራቸው ቤተ መንግሥት በ1794 በሩሲያ ጦር ተዘርፎ ወደመ።

የቤቱ እመቤት ልዕልት ኢዛቤላ ቻርቶሪስካ ትባላለች። በ1746 ተወልዳ በ1835 ነው የሞተችው፤ ማለትም አገሯ ስትቆረስ ከዳር እስከ ዳር አይታለች። ቤተ መንግሥቱን መልሳ ስታስጠግን የአትክልቱ ቦታ ውስጥ አንድ ክብ ቤት አሠራች። አሠራሩ ጣሊያን አገር ቲቮሊ ካለው የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ የተወሰደ ነው። በ1801 ተከፈተ። የሲቢላ ቤተ መቅደስ ይባላል፤ በሩ ላይ "ያለፈው ለመጪው" የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ውስጡ የገባው የነገሥታት ቅርስ፣ የጀግኖች መታሰቢያ፣ በ1683 ቪየና ላይ ከቱርክ ጦር የተማረከ መሣሪያና ጌጥ ነው። ንጉሥ የለም፣ መንግሥት የለም፣ የቀረው ዕቃው ብቻ ነው። እሱን አንድ ቤት ውስጥ ሰብስቦ ሰው እንዲያየው ማድረግ በዚያ ጊዜ ፖለቲካ ነበር።

በ1809 ሁለተኛ ቤት ጨመረች፤ ጎቲክ ቤት አሉት። እዚህኛው ከዓለም የተለቃቀመ ነው። ሴትዮዋ ደግሞ ሰብሳቢ ስትባል ቀላል አይደለችም፣ በ1790 እንግሊዝ ሄዳ ከሼክስፒር የትውልድ ከተማ "የሼክስፒር ወንበር" ተብሎ የተነገረላትን ወንበር ገዝታ ተመልሳለች። ሰውየው እውነት ተቀምጦበት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ወንበሩ ግን እስካሁን አለ።

ለእኛ የሚጠቅመው ሌላ ሥራዋ ነው። ዝርዝር ጻፈች። ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጠ። የጎቲክ ቤቱ ዝርዝር በ1828 ታትሟል። ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ሁሉ ዕቃ በየሠረገላው ተጭኖ ሲበተን ምን እንደነበረ የሚያውቅ ወረቀት አለ ማለት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ።

ለገጣፎ ያለው ዝርዝር እትዬ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። የትኛው ጋሻ የአባትየው፣ የትኛው የአያትየው እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ደንብ ሳይሆን እሳቸው አጠገብ ስልክና ደብተር ይዞ መቀመጥ ሆነ። እሳቸው ያወራሉ፣ የሐዋሳው ወንድም ልጅ ትቀዳለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ቁጥር ትሰጣለች። ቁጥሩ የሚጻፈው ዕቃው ላይ አይደለም፤ በክር የሚንጠለጠል ትንሽ ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ።

እመቤቲቱ

ዕቃው ላይ አይጻፍም ያልኩት በምክንያት ነው። የቻርቶሪስኪ ስብስብ በዓለም የታወቀው በአንዲት ሥዕል ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1490 አካባቢ ሚላን ላይ የሣላት ወጣት ሴት ናት። ስሟ ቼቺሊያ ጋሌራኒ ነው፣ የሚላኑ ገዢ የሉዶቪኮ ስፎርዛ ወዳጅ ነበረች። ኤርሚን የሚባል ነጭ ፀጉር ያለው ትንሽ አውሬ ታቅፋለች፤ ሥዕሏም "እመቤት ከኤርሚን ጋር" ትባላለች። የተሣለችው በዋልነት እንጨት ሳንቃ ላይ ነው፤ ቁመቷ 54 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዷ 39 ገደማ። ትንሽ ናት፣ በብብት የምትያዝ። የኢዛቤላ ልጅ ልዑል አዳም ዬዢ በ1798 አካባቢ ጣሊያን አገር ገዝቶ ለእናቱ አመጣላት። አብሮ የራፋኤልን "የወጣት ምስል" ገዛ። ሁለት ሥዕል በአንድ ጉዞ፣ ያውም እንደዚህ ዓይነት። የእጁ ቅንነት ነው መቼም።

ታዲያ የሥዕሏ ግራ ጥግ ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ በቀለም የተጻፈ ጽሑፍ አለ። የሠዓሊውን ስምና የሴትዮዋን ማንነት ይናገራል። የጻፈው ሊዮናርዶ አይደለም፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተጨመረ ነው። የሴትዮዋ ማንነት ደግሞ ስህተት ነው፤ ሉቭር ውስጥ ካለች ሌላ ሥዕል ጋር ተምታቷል። የበስተጀርባው ጥቁር ቀለምም ኋላ የተደረበ ነው። በፍቅር የተያዘ ዕቃ በፍቅር ይበላሻል።

የለገጣፎውን የዓድዋ ሥዕል ስንዘረጋው ያየሁት ይህንኑ ነው። ሥዕሉ የተለመደው ዓይነት ነው፤ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ በግራ የእኛ ሰዎች ፊታቸውን ሙሉ ለሙሉ አዙረው፣ በቀኝ ጣሊያኖቹ በጎን፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ። ከታች ጥግ ላይ ግን አንድ ደግ ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ "ዓድዋ፣ የካቲት 23 ቀን 1888" ብሎ ጽፎበታል። አስምሮበታልም። የሠዓሊው ስም የለም። ሸራው ለዓመታት ቁም ሳጥን አናት ላይ ተጠቅልሎ ስለኖረ ቀለሙ በየመስመሩ ተሰነጣጥቋል፤ የተጠቀለለው ደግሞ በቀጭን የመጋረጃ ብረት ላይ፣ ቀለሙ ወደ ውስጥ ሆኖ ነው። የባሰው ይኸ ነው፤ መጠቅለሉ ግድ ከሆነ ወፍራም ቱቦ ላይ፣ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ ነው የሚጠቀለለው። አሁን አልጋ በሚያህል ጣውላ ላይ፣ ንጹሕ አቡጀዲ ተደርጎበት ተዘርግቷል። እስክሪብቶውን እናስለቅቀው ያለ ዘመድ ነበር፤ ባለሙያ ሳያየው ማንም እንዳይነካው ተባለ።

ስደቱ

እዚህ ጋ ታሪኩ ይፈጥናል። በ1830 ፖላንዶች በሩሲያ ላይ ተነሱ። ሥዕሎቹን የገዛው አዳም ዬዢ የአመፁ መንግሥት መሪ ሆነ። አመፁ በ1831 ከሸፈ፣ እሱ በሌለበት ሞት ተፈረደበት፣ ርስቱ ተወረሰ። ከፑዋቪ ዕቃው ተሸሸገ፣ ተበተነ፣ አብዛኛው ቀስ በቀስ ወደ ፓሪስ ሄደ። ቤተሰቡ እዚያ በ1843 ኦቴል ላምቤር የሚባል ትልቅ ቤት ገዛና ቤቱ የስደተኛ ፖላንዶች መናኸሪያ ሆነ። የአዳም ዬዢ ልጅ ቭዋዲስዋፍ ከክራኮቭ ከተማ ጋር ተነጋገረ፤ ክራኮቭ ያኔ በኦስትሪያ ሥር ብትሆንም ራሷን የምታስተዳድርበት ነፃነት ነበራት። ከተማዋ የድሮውን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሰጠች፣ ቤተሰቡ ዕቃውን አመጣ፣ ሙዚየሙ በ1878 ተከፈተ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ዋና ዋናው ወደ ድሬስደን ተወስዶ በ1920 ተመለሰ።

ከዚያ 1939። ናዚዎች ፖላንድን ሲወሩ ቤተሰቡ ምርጥ ምርጡን ሺየኒያቫ ወዳለው ቤቱ ወስዶ ግድግዳ አስደፍኖበት ነበር። ተገኘ። ወርቅና ጌጡን ወታደር ዘረፈው። ሦስቱ ታላላቅ ሥዕሎች፣ ማለትም የሊዮናርዶዋ እመቤት፣ የራፋኤሉ ወጣትና የሬምብራንት አንድ የመልክዓ ምድር ሥዕል፣ ናዚዎቹ እጅ ገቡ። ፖላንድን በሂትለር ስም ይገዛ የነበረው ሃንስ ፍራንክ እመቤቲቱን ክራኮቭ ቫቬል ቤተ መንግሥት ውስጥ አስቀምጧት ነበር። ጀርመን ስትሸነፍ ይዟት ሸሸ፤ አሜሪካኖች ባቫርያ አገኟት፣ በ1946 ከሬምብራንቱ ጋር ወደ ክራኮቭ ተመለሰች።

ራፋኤሉ አልተመለሰም። እስከ ዛሬ የለም። ከእሱ ሌላ ከ800 የሚበልጥ ዕቃ እንደጠፋ ነው። ይህን የጠፋ ዕቃ ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

መንግሥት ሲመጣ

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የኮሙኒስት መንግሥት ነው። ሙዚየሙ በ1950 በክራኮቭ ብሔራዊ ሙዚየም አስተዳደር ሥር ገባ። ቤተሰቡ ውጭ አገር ነው፣ ዕቃው አገር ቤት ነው፣ የሚያስተዳድረው መንግሥት ነው። እንዲህ ሆኖ 40 ዓመት።

ይህ ክፍል ለእኛ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። እዚህም የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የእነ እትዬ አባት ከተማ መሐል የነበራቸው ቤት በዚያ ሄደ። ዕቃው የተረፈው በአንድ ሌሊት በጭነት መኪና ወጥቶ ለገጣፎ፣ ያኔ ገጠር ወደነበረው የእህል ጎተራ ስለገባ ነው። ቤቱ ውስጥ የቀረው ቀረ። እትዬ ስለ አንድ የአንበሳ ለምድ እስካሁን ያወራሉ።

ግን ፍርዴን ልስጥ። በፖላንድ ያንን 40 ዓመት ዝርፊያ ብቻ ብሎ ማለፍ ልክ አይደለም። የብሔራዊ ሙዚየሙ ሠራተኞች መዝግበዋል፣ አድሰዋል፣ ጠብቀዋል፣ ለሕዝብ አሳይተዋል። ቤተሰቡ ብቻውን ያንን ሊሠራ አይችልም ነበር። አዲስ አበባም ውስጥ የራስ ብሩ ቤት ሙዚየም ሆኖ የቆመው፣ ገነተ ልዑልም ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ ሙዚየም የያዘው፣ ከግል እጅ ወጥተው ተቋም እጅ ስለገቡ ነው። በመሳፍንቱ ዘሮች እጅ ቀርተው የፈረሱ ቤቶችን ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዱን ያፈረሱት ራሳቸው ወራሾቹ ናቸው፤ ሞኝ የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል እንዲሉ።

ፊርማው

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ኮሙኒዝም ወደቀ። በ1991 የፖላንድ ፍርድ ቤት ስብስቡ የልዑል አዳም ካሮል ቻርቶሪስኪ ነው ብሎ መለሰለት። ሰውየው በ1940 ስፔን የተወለደ ነው። እሱም ዕቃውን ጠቅልሎ አልሄደም። ፋውንዴሽን አቋቁሞ ስብስቡን ለፋውንዴሽኑ አስተላለፈ፣ የዕለት ተዕለቱን ሥራ የክራኮቭ ብሔራዊ ሙዚየም ቀጠለበት። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ንጹሕ ነው፤ ቦርድ አለ፣ ደንብ አለ፣ ዕቃው የማንም ግለሰብ አይደለም።

እመቤቲቱ መዞር ጀመረች። ዋሽንግተን፣ ማድሪድ፣ በርሊን፣ ለንደን። ሥዕሏ በቀጭን ሳንቃ ላይ ስለሆነች እያንዳንዱ ጉዞ ባለሙያዎችን ያሳስባል፤ ለባለቤቱ ደግሞ ገቢና ዝና ነው። ሙዚየሙ ራሱ በ2010 ለእድሳት ተዘጋ። እድሳቱ ተጓተተ፣ ገንዘብ አጠረ፣ ንትርክ በዛ።

እና ታኅሣሥ 2016 መጨረሻ ላይ፣ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ የፖላንድ መንግሥት ሁሉንም ገዛ። ከ86 ሺህ በላይ ዕቃ፣ 250 ሺህ ገደማ መጽሐፍ፣ ብራናና ሰነድ፣ ሕንፃዎቹም ጭምር። ዋጋው 100 ሚሊዮን ዩሮ። በጊዜው ሲነገር የነበረው የገበያ ግምት ወደ 2 ቢሊዮን ዩሮ ነው። በሃያ እጅ ያነሰ ማለት ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ "ተታለለ" ይላል። እንደዚያ አይደለም። ያቺን ሥዕል ለውሰት ካልሆነ በቀር ለዘለቄታው ከፖላንድ ማውጣት ሕጉ አይፈቅድም። ከአገር የማይወጣ ዕቃ የዓለም ገበያ ዋጋ የለውም፤ ገዢው አንድ ነው፣ እሱም መንግሥት። 2 ቢሊዮኑ የወረቀት ቁጥር ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ 100 ሚሊዮኑ ለቤተሰቡም ለመንግሥቱም የሚያስኬድ ነው።

ችግሩ ዋጋው ላይ አልነበረም። ቦርዱ ላይ ነበር። የቦርዱ አባላት አልተማከርንም ብለው ለቀቁ። ቆም ብላችሁ አስቡት። ዕቃው የፋውንዴሽኑ ነው፣ ፋውንዴሽኑ ቦርድ አለው፣ ሽያጩ ሲፈጸም ግን ቦርዱ ውጭ ነው ያለው። መሥራቹ የፈለገውን አደረገ። በሕግ አስኬደ አላስኬደ ሌላ ነገር ነው፣ ደንቡ ግን ለመሥራቹ በር ክፍት ትቶ እንደነበር ግልጽ ነው። ቆይቶ ደግሞ ገንዘቡ ከፖላንድ ወጥቶ ሊክተንስታይን ወደተቋቋመ ሌላ ፋውንዴሽን ሲዛወር ዳግመኛ ጩኸት ሆነ። ሕዝቡ ገንዘቡ ለባህል ሥራ እዚያው አገር ቤት ይውላል ብሎ ጠብቆ ነበር።

ሙዚየሙ ታኅሣሥ 2019 ታድሶ ተከፈተ። ዛሬ እመቤቲቱን ማንም ሄዶ ያያታል። ስለዚህ መጨረሻው ጥሩ ነው፣ አካሄዱ መጥፎ ነው። ሁለቱም አብረው እውነት ናቸው። እኔ ደንብ አርቃቂ ነኝና የሚያንገበግበኝ አካሄዱ ነው።

በሽያጩ ውል ውስጥ አንድ የወደድኩት ነገር አለ። መንግሥት የገዛው ያለውን ብቻ አይደለም። የጠፋውንም የመጠየቅ መብት ገዝቷል፣ የራፋኤሉን ጭምር። ነገ አንድ ቦታ ቢገኝ ጠያቂው ማን እንደሆነ ታውቋል። ይህ የሚቻለው ድሮ ዝርዝር የጻፈ ሰው ስላለ ነው። ይህንን ለእትዬ ስነግራቸው ወዲያው "የአንበሳውን ለምድ ጻፈው" አሉኝ። ተጽፏል፤ ዝርዝሩ ላይ "የጠፉ" የሚል ክፍል አለ፣ ለምዱ የመጀመሪያው ነው፣ አባታቸው ለብሰውት የተነሱት ፎቶም ከጎኑ ተለጥፏል።

የለገጣፎው ረቂቅ

ከዚህ ሁሉ ወደ ደንቡ የገባው ምንድን ነው?

መጀመሪያ የሆነው ያልጠበቅነው ነገር ነው፤ ከዕቃው ላይ መቀነስ ተጀመረ። አንዱ ብራና፣ ተአምረ ማርያም ነው፣ ሲገለጥ መጨረሻው ቅጠል ላይ ደጃዝማቹ ለአንድ ደብር የሰጡት መሆኑ ተጽፏል። ከሥሩ ያቺ የታወቀችው ቃል አለች፦ "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን።" የሰረቀው፣ የፋቀው የተወገዘ ይሁን። ምናልባት በጦርነት ጊዜ ለመጠበቅ ተብሎ ከደብሩ ወጥቶ ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል። ትንሹ ወንድም "እኛው ጋ ቢቀመጥ አይሻልም?" ብሎ ነበር። እትዬ እሱን እንኳን ለመስማት አልፈለጉም። ግዝት ባይኖርም እኔ ተመሳሳይ ነገር እል ነበር። የሌላ ሰው ንብረት ይዞ ሙዚየም መክፈት ከመጀመሪያው ቀን ክስ መጥራት ነው። መቅደላን እያነሳን እንግሊዝን "መልሱ" እያልን እኛው ቤት ስንደርስ አናመነታ።

ከዚያ የሕጉ ነገር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በግለሰብ እጅ መሆኑን አይከለክልም። ያስገድዳል ግን፤ ይመዝገብ፣ ይጠበቅ፣ ያለ ፈቃድ ከአገር አይውጣ። ይህን ያነሳሁት ትንሹ ወንድም አንዱን ጋሻ ለልጆቹ አሳይቶ ሊመልስ ሻንጣው ውስጥ ሊከተው አስቦ ስለነበር ነው። ቦሌ ላይ ምን እንደሚገጥመው ስነግረው ሳቀ፣ ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም።

ቅርጹን በተመለከተ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 በቦርድ የሚመራ ድርጅት ለማቋቋም መንገድ ይሰጣል። በዚህ ቅርጽ የበላዩ አካል ቦርዱ ነው። ለእኛ የሚስማማው ይኸ መሰለኝ። ጥያቄው ቤተሰቡ ዕቃውን ለድርጅቱ ጨርሶ ይሰጣል ወይስ ያውሳል የሚለው ነው። ሁሉም ወዲያው "እናውስ" አሉ፣ ይገባኛል። ግን ካዋሱ ዕቃው የሦስቱ እንደሆነ ይቀራል። አንዱ ሲያርፍ ድርሻው ለልጆቹ፣ ከልጆቹ ለልጅ ልጆቹ ይሄዳል፣ እና ከ30 ዓመት በኋላ አንድ ጋሻ ለማንቀሳቀስ ከሦስት አህጉር ፊርማ ሲለቀም ይታያችሁ። ቻርቶሪስኪዎች 200 ዓመት የቆዩት ዕቃውን እንደ ዶሮ ብልት ስላልተካፈሉት ነው።

ስለዚህ ረቂቁ ላይ የጻፍኩት ስጦታ ነው፣ ጠንከር ባለ ማሰሪያ። ሽያጭ ጨርሶ የለም። ለማዋስ ከቤተሰብ የሁለት ሰው፣ ከቤተሰብ ውጭ ደግሞ የሁለት የቦርድ አባል ፊርማ ያስፈልጋል። መሥራቾቹ ራሳቸው ብቻቸውን ይህን አንቀጽ መለወጥ አይችሉም፤ የፖላንዱን በር የምዘጋው እዚህ ጋ ነው። ድርጅቱ ቢፈርስ ዕቃው ወደ ወራሽ አይመለስም፣ በዝርዝሩ መሠረት ወደ ሕዝብ ሙዚየም ይሄዳል። ከቲኬትም ሆነ ከፎቶ መብት የሚገኝ ገንዘብ ለዕቃው ጥበቃ ብቻ ይውላል።

የሐዋሳው ወንድም ሲያነበው "ይሄ እኮ እኛን ሌባ የሚያደርግ ደንብ ነው" ብሎ ተቆጣ። ልክ ነው፣ ደንብ ሲጻፍ እንደዚያ ነው የሚጻፈው። ዛሬ ያሉት ሦስቱ ጨዋ ናቸው። ደንቡ የሚጻፈው ገና ላልተወለደው፣ ዕዳ ለሚይዘው የልጅ ልጅ ነው። ይህን ስለው ትንሽ ዝም አለና "እሱንማ አውቀዋለሁ፣ ተወልዷል" አለኝ። ሁላችንም በሳቅ ፈረስን።

ያልተፈታው የገንዘቡ ነገር ነው። ግቢው በቂ ነው፣ ጎተራው ተጠግኖ ለማሳያ ይሆናል። ግን ክረምት ላይ የለገጣፎ ዝናብና ርጥበት ለብራናና ለሸራ ጠላት ነው፣ ጣሪያ ይፈልጋል፣ ወለሉ ከምስጥ መጠበቅ አለበት፣ ማታ ዘበኛ ያስፈልጋል፣ ዘበኛ ደግሞ በየወሩ ደመወዝ ይፈልጋል። አሜሪካ ያለው እልካለሁ ብሏል። መላኩን አልጠራጠርም፤ ግን የአንድ ሰው ደግነት ላይ የቆመ በጀት ያ ሰው ሥራ ሲፈታ ይወድቃል። ክራኮቭ ላይ እንኳን፣ እመቤቲቱን የያዘ ቤት፣ ለጣሪያውና ለደመወዙ መንግሥት ነው የደረሰለት።

በዚህ ምክንያት አንድ አንቀጽ ጨምሬያለሁ። ድርጅቱ ሁለት ዓመት በተከታታይ ዘበኛና ጥገና መክፈል ካቃተው፣ ሥዕሉና ብራናዎቹ በውል፣ በዝርዝርና በፎቶ፣ ለሚችል የሕዝብ ሙዚየም በውሰት ይሰጣሉ፤ ጋሻና ካባው እዚያው ይቆያል። የሐዋሳው ተስማምቷል። ትንሹ "ወደዚያ አንደርስም" ይላል። እትዬ ግን ሥዕሉ ከዚህ ግቢ የሚወጣው እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው ብለው ቁርጡን ነግረውኛል፣ ሁለት ዓመቱ አምስት ይሁን የሚል መካከለኛ ሐሳብም አቅርቤ ገና መልስ አልሰጡኝም። አንቀጹ ለጊዜው ረቂቁ ላይ በቅንፍ ተቀምጧል፤ ቀጣዩ ስብሰባ ከፋሲካ በኋላ ነው።